ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣው ጠብታ፦ ፕሮባዮቲክስ ማሞቂያ ውስጥ ላለ ልጅ ይሰጥ?

ባለፈው ሳምንት በገጻችን የውስጥ መስመር አንድ መልእክት ገባ። ጸሐፊው የጉለሌ ልጅ ነው፣ ቤቱ ከአዲሱ ገበያ በላይ። ባለቤቱ በሠላሳ ሳምንቷ ወልዳ ልጁ ማሞቂያ ከገባ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ክብደቱ 1,260 ግራም። አሜሪካ ያለች እህቱ በሰው እጅ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ልካለች፤ ላይዋ ላይ የሕፃን ሥዕል አለ፣ «ፕሮባዮቲክ» ይላል። ነርሷን ቢጠይቃት «ዶክተሯ ሳታየው ምንም አይሰጥም» አለችው። እሱ ደግሞ እንዲህ ብሎ ጻፈልን፦ «ነርሷ ዞር ስትል በእናቱ ወተት ላይ ሁለት ጠብታ ብጨምርበት ምን ይሆናል? እህቴ እዚህ ያለጊዜው ለተወለደ ልጅ ሁሉ ይሰጣል ብላኛለች። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።»

ወዲያው መለስንለት። «አታድርገው። ጠርሙሱን ከነካርቶኑ ይዘህ ሂድና ለዶክተሯ አሳያት» አልነው። ግን በዚህች መልስ ብቻ ልጁ ማሞቂያ ያለበትን አባት ማሳመን አይቻልም። እውነቱን ለመናገር እኛም ራሳችን ለምን «አታድርገው» እንዳልን በደንብ ማስረዳት አልቻልንም ነበር። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ስናነብ ከረምን። እኛ ሐኪም አይደለንም፣ ዲግሪም የለንም፤ ገጹን የምትከታተሉ ታውቁናላችሁ። የታተመውን አንብቦ በሰው ቋንቋ ማቅረብ ግን እንችላለን። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱን። ዓመቶቹን ጥናቶቹ በታተሙበት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ሰፈሩ። ጉለሌ በዚህ ጉዳይ ላይ እንዲሁ የተገኘ ቦታ አይደለም። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ነው፤ ወሊዳቸው የከበደባቸው እናቶች ተልከው ከሚመጡባቸው የአገሪቱ ትልልቅ ሆስፒታሎች አንዱ ነው። እዚያው አካባቢ ደግሞ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ፤ ድሮ የፓስተር ኢንስቲትዩት የነበረው፣ የታክሲ ረዳቶች እስከ ዛሬ «ፓስተር! ፓስተር!» እያሉ የሚጠሩት። ይህን ስም ያዙልን፣ ቆይተን እንመለስበታለን።

በእኛ ሰፈር የሚቸኩል ሰው «የሰባት ወር ልጅ ነህ እንዴ?» ይባላል። በሕክምናው ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሁሉ ያለጊዜው የተወለደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በ2023 ባወጡት ግምት በ2020 ብቻ 13.4 ሚሊዮን ሕፃናት በዓለም ዙሪያ ያለጊዜያቸው ተወልደዋል፤ ከአሥር አንድ ማለት ነው። ግማሽ ያህሎቹ የተወለዱት በስምንት አገሮች ሲሆን ኢትዮጵያ ከስምንቱ አንዷ ናት። በአገራችን የ2019ኙ አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ እንደሚሞቱ አሳይቷል። በ2016 ቁጥሩ 29 ነበር። በዚያው ጊዜ የአምስት ዓመት በታች ልጆች ሞት ከ67 ወደ 59 ወርዷል። ትልልቆቹን ማትረፍ እየቻልን ነው፣ ጨቅላዎቹ ላይ ግን ቆመናል።

አሁን ወደ አንጀቱ እንግባ።

ዘጠኝ ወሩን ጨርሶ የተወለደ ልጅ አንጀት ተገንብቶ ያለቀ የግቢ አጥር ነው ብለን እናስብ። ያለጊዜው የተወለደው ደግሞ ብሎኬቱ ተደርድሮ ሲሚንቶው ገና ያልደረቀ አጥር ነው። በሕዋሶቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ አልጠበቀም፤ አንጀቱን ከውስጥ የሚሸፍነው ዝልግልግ ነገር ስስ ነው፤ የጨጓራው አሲድ ደካማ ነው፤ የጠባው ወተት ወደ ታች የሚሄደው ቀስ እያለ ነው። እዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። ልጅ የመጀመሪያዎቹን ባክቴሪያዎች የሚያገኘው በዋነኛነት ከእናቱ ነው፣ ሲወለድ፣ ከቆዳዋ፣ ከጡቷ። ማሞቂያ የገባው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ በኦፕራሲዮን ተወልዶ፣ ከእናቱ ተለይቶ፣ በመጀመሪያው ቀን አንቲባዮቲክ ተጀምሮለት፣ ወተቱን በቱቦ የሚያገኝ ነው። ባዶውን ቤት ቀድሞ የሚገባበት የእናቱ ባክቴሪያ ሳይሆን የሆስፒታሉ ባክቴሪያ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የሚመጣ አንድ ክፉ በሽታ አለ፦ ኔክሮታይዚንግ ኢንተሮኮላይቲስ፣ ሐኪሞቹ ሲያሳጥሩት «ኔክ» የሚሉት። የአንጀት ግድግዳ ይቆጣል፣ ከዚያ ይሞታል፣ ሲብስም ይበሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በተወለዱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ልክ ወላጅ «ተመስገን፣ ተረፈልኝ» ማለት ሲጀምር። ሆዱ ይነፋል፣ የጠባው አይወርድለትም፣ አረንጓዴ ያስታውከዋል፣ ሰገራው ደም ይቀላቅላል። የተሟላ ሕክምና ባለባቸው አገሮች እንኳ በሽታው ከያዛቸው ከአምስት አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ይሞታል፤ ቀዶ ሕክምና እስኪያስፈልግ ከደረሰ ሞቱ እስከ ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። በሰባተኛው ቀን ጤነኛ የነበረ ልጅ በአሥራ አራተኛው ቀን ማታ ሲታመም እናቱ «ምን አጠባሁት?» ብላ ራሷን ትወቅሳለች። እናትየዋ ያጠፋችው ነገር የለም። ያልደረቀ ሲሚንቶ ነው።

የፕሮባዮቲክስ ሐሳብ የሚነሳው ከዚህ ነው። «ባዶውን ቤት መጥፎው ሳይገባበት ጥሩውን ተከራይ እናስገባበት» ነው ነገሩ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1900 ገደማ ሄንሪ ቲሲዬ የሚባል ፈረንሳዊ ጡት የሚጠቡ ሕፃናት ሰገራ ውስጥ ሹካ መሰል ቅርጽ ያለው ባክቴሪያ በብዛት አገኘ። ዛሬ ቢፊዶባክቴሪየም እንለዋለን። ይሠራ የነበረው የት ነው? ፓሪስ፣ ፓስተር ኢንስቲትዩት። የእኛ ፓስተር ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያው ቤት ነው።

የቢፊዶባክቴሪየም ታሪክ ደስ የሚል ነው። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ልጁ ራሱ ሊፈጨው የማይችል የስኳር ዓይነት አለ። ትንሽም አይደለም፤ ከላክቶስና ከስብ ቀጥሎ በብዛት ሦስተኛው ጠጣር ነገር ነው። የእናት አካል ልጇ የማይበላውን ነገር ደክሞ ለምን ይሠራል? መልሱ ለልጁ አይደለም የሚል ነው። ለእነዚህ ባክቴሪያዎች ነው። እነሱ በልተውት አሲድ ያወጣሉ፣ አሲዱ መጥፎዎቹን ያርቃል። የጡት ወተት ምግብም ነው፣ የተከራዮቹም ስንቅ ነው።

እሺ፣ ታዲያ ጠብታው ይሠራል ወይስ አይሠራም?

አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ በ1,099 በጣም ቀድመው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ተሠርቶ በ2013 የታተመ ጥናት አለ። ሦስት ዓይነት ባክቴሪያ የተቀላቀለበት ዱቄት የተሰጣቸው ላይ ኔክ 2 በመቶ፣ ያልተሰጣቸው ላይ 4.4 በመቶ ሆነ። በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ተደሰተ። ሦስት ዓመት ቆይቶ እንግሊዞች በ1,315 ሕፃናት ላይ የሌላ ዓይነት ቢፊዶባክቴሪየም ሞከሩ፤ ምንም ልዩነት አላገኙም። በኔክም፣ በደም ኢንፌክሽንም፣ በሞትም። በ2023 የኮክሬን ቡድን 60 ጥናቶችን፣ ከ11,000 በላይ ሕፃናትን አንድ ላይ አድርጎ ሲያይ ፕሮባዮቲክስ ኔክን ሊቀንስ እንደሚችል ጽፏል፤ ግን የማስረጃው ጥንካሬ ዝቅተኛ ነው ብሎ። ከ1,000 ግራም በታች ለሆኑት ደግሞ ማስረጃው በጣም ጥቂት ነው። የሚያሳዝነው በጣም የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። «ፕሮባዮቲክ» ማለት እንደ ፓራሲታሞል አንድ ነገር አይደለም። እንደ «ውሻ» ነው። ውሻ ሁሉ በግ አይጠብቅም። አውስትራሊያ ውስጥ የሠራው ባክቴሪያ ሌላ፣ እንግሊዝ ውስጥ ያልሠራው ሌላ፣ እህቱ ፋርማሲ ገብታ የገዛችው ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱ ላይ የሕፃን ሥዕል መኖሩ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ አይነግረንም። ብዙዎቹ ለሆድ ቁርጠት ተብለው ዘጠኝ ወሩን ጨርሶ ለተወለደ ጤነኛ ልጅ የተሠሩ ናቸው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ አንድ የሕንድ ጥናት አለ፤ እናንተም በቲክቶክ ሳታዩት አትቀሩም። ኦዲሻ በሚባለው ክልል ገጠር ውስጥ ከ4,500 በላይ ሕፃናት ላይ ተሠርቶ በ2017 ታተመ። ላክቶባሲለስ ፕላንታረም ከስኳር መሰል ምግቡ ጋር ለአንድ ሳምንት ተሰጠ፤ የደም ኢንፌክሽን ወይም ሞት ከ9 በመቶ ወደ 5.4 በመቶ ወረደ። ትልቅ ውጤት ነው፣ እንደ እኛ ባለ ደሃ አካባቢ የመጣ መሆኑም ልብ ይነካል። ግን ጥናቱ ውስጥ የገቡት ቢያንስ 2,000 ግራም የሆኑ፣ ቢያንስ 35 ሳምንት የሞላቸው፣ ጡት መጥባት የጀመሩ ልጆች ናቸው። የጉለሌው ልጅ 1,260 ግራም ነው። እሱን የሚመለከት ጥናት አይደለም። ቪዲዮዎቹ ይህችን ነገር ይዘሏታል።

እህትየዋ «እዚህ ለሁሉም ይሰጣል» ያለችውስ? ስህተት ነው፣ ግን ከሜዳ የመጣ ስህተት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በርካታ ሆስፒታሎች ይሰጡ ነበር። ከዚያ በ2023 አንድ ከ1,000 ግራም በታች የነበረ ሕፃን ሆስፒታል ውስጥ ፕሮባዮቲክ ተሰጥቶት በደም ኢንፌክሽን ሞተ። ደሙ ውስጥ የተገኘው ባክቴሪያ በዘረመል ሲመረመር ምርቱ ውስጥ ከነበረው ጋር አንድ ሆነ። በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ጻፈ፤ ከ2018 ወዲህ ከሃያ አራት በላይ ሌሎች ተመሳሳይ ጉዳቶች ሪፖርት መደረጋቸውን ቆይቶ አሳወቀ። ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት እንደ መድኃኒት ያጸደቀው አንድም ፕሮባዮቲክ እንደሌለም ተናገረ። ኩባንያዎቹ ምርቶቹን ከሆስፒታል አነሱ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2021 ለሁሉም በጅምላ መስጠቱን እንደማይደግፍ ጽፎ ነበር። ከዚያ በፊት በ2014ም አንድ ሕፃን ሞቷል፤ ያኔ የገደለው ባክቴሪያው ራሱ አልነበረም፣ ዱቄቱ ውስጥ ሳይታወቅ የገባ ሻጋታ ነው።

ይህ ማለት ነገሩ መርዝ ነው ማለት አይደለም። ብዙ የጨቅላ ሕፃናት ሐኪሞች የአሜሪካኑን ማስጠንቀቂያ ተቃውመዋል፤ «ኔክ የሚገድላቸው ፕሮባዮቲክ ከሚጎዳቸው እጅግ ይበልጣሉ» ነው ክርክራቸው። ክርክሩ የዋዛ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በኅዳር 2022 ያለጊዜያቸው ስለተወለዱ ሕፃናት እንክብካቤ ባወጣው መመሪያ ለፕሮባዮቲክስ በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶታል፦ ከ32 ሳምንት በፊት ተወልደው የሰው ወተት ለሚጠጡ ሕፃናት «ሊታሰብበት ይችላል» ይላል። «ይሰጥ» አላለም። «የሰው ወተት ለሚጠጡ» የምትለዋንም አስምሩባት።

የጉለሌው ልጅ በ30 ሳምንቱ የተወለደ ነው፣ የእናቱን ወተት ይጠጣል። በወረቀት ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር እሱን ይመለከታል። ታዲያ እኛ ለምን አባቱን ከለከልነው?

አንደኛ፣ ከጎኑ ስላለው ልጅ። የእንግሊዙን ጥናት ስናነብ በጣም ያስደነገጠን ነገር ውጤቱ አልነበረም። ጥናቱ ላይ ባክቴሪያው የተሰጣቸው ልጆች ነበሩ፣ ያልተሰጣቸውም ነበሩ። በኋላ ሰገራቸው ሲመረመር ካልተሰጣቸው ልጆች 49 በመቶ የሚሆኑት አንጀት ውስጥ ያው ባክቴሪያ ተገኘ። በእጅ፣ በዕቃ፣ በአልጋ ተዛምቶ ነው። ይህ የሆነው እንግሊዝ አገር፣ ነርስ በበቂ ቁጥር ባለበት፣ ጥናት መሆኑ እየታወቀ ጥንቃቄ በሚደረግበት ክፍል ነው። አባቱ በድብቅ ሁለት ጠብታ ሲጨምር ለራሱ ልጅ ብቻ የሚሰጥ ይመስለዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ አጠገቡ ማሞቂያ ውስጥ ላለው፣ ምናልባት 900 ግራም ለሆነው፣ እናቱን ሳይጠይቅ ለሌላ ሰው ልጅም እየሰጠ ነው።

ሁለተኛ፣ ቢሳሳት ማን ያየዋል? ቢፊዶባክቴሪየም አየር ባለበት የማያድግ ባክቴሪያ ነው፤ በተለመደው የደም ካልቸር በቀላሉ አይያዝም። አሜሪካ ውስጥ የተያዘው ላቦራቶሪው ስለበረታ ነው። እዚህ ሐኪሟ ጠብታው መሰጠቱን እንኳ ካላወቀች፣ ልጁ ትኩሳት ሲይዘው ወይም ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ምን ብላ ትጠረጥራለች?

ሦስተኛው ጠርሙሷ ራሷ ናት። ሕያው ነገር ነው ውስጧ ያለው። ከዋሽንግተን በሻንጣ፣ በአውሮፕላን ሆድ፣ ከቦሌ በታክሲ፣ መብራት ሲጠፋ በቆመ ፍሪጅ። ስንቱ ባክቴሪያ በሕይወት ደረሰ? ተከፍታ ከነበረስ ሌላ ምን ገባባት? ማንም አያውቅም።

ከዚህ በላይ ግን እኛን የያዘን ሌላ ጥያቄ ነው፦ የእኛ አገር ጨቅላዎችን የሚገድላቸው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ጥሩ መረጃ አለን፣ ብዙ አገር የሌለው ዓይነት። ከ2016 እስከ 2018 በአምስት ሆስፒታሎች፣ በጎንደር፣ በጅማ፣ በጥቁር አንበሳ፣ በጋንዲና በዚሁ በጉለሌው ጳውሎስ፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ 4,919 ሕፃናት ተመዘገቡ። 3,852ቱ ጽኑ ሕክምና ክፍል ገቡ። 1,109ኙ በ28 ቀን ውስጥ ሞቱ። ተመራማሪዎቹ በግምት አልተውትም፤ ወላጆችን እያስፈቀዱ የብዙዎቹን አስከሬን መርምረዋል። በኢትዮጵያ ባህል ይህን ለመፍቀድ ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ አስቡት፤ እነዚያ ወላጆች ሊመሰገኑ ይገባል። ውጤቱ፦ 45 በመቶ የሞቱት ሳንባቸው ስላልበሰለ በመተንፈስ ችግር፣ 30 በመቶ በኢንፌክሽን፣ 14 በመቶ ሲወለዱ በመታፈን ነው። ቅዝቃዜ ደግሞ ከአሥር ሞቶች በሰባቱ ውስጥ እጁ ነበረበት። ቅዝቃዜ! ጨርቅና የእናት ደረት የሚያስቆመው ነገር።

ኔክ ከሦስቱ ዋናዎች ውስጥ የለም። «ታዲያ አያሳስበንም» ለማለት ግን አንቸኩል። ኔክ የሚመጣው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ነው ብለናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በትንፋሽ እጥረት የሞተ ልጅ እዚያ ሳምንት አይደርስም። አሜሪካ ውስጥ ከ2000 እስከ 2011 በጣም ቀድመው የተወለዱ ሕፃናት ሞት ሲጠና በሳንባ ችግር የሚሞቱት ቀንሰው በኔክ የሚሞቱት ከ1,000 ከ23 ወደ 30 ከፍ ብለው ተገኝተዋል። ሲፓፑና ኦክስጅኑ በሆስፒታሎቻችን እየተሻሻለ ሲሄድ እኛም እዚያው ጋ መድረሳችን አይቀርም። ስለዚህ ስለ አንጀት ማሰብ ያለብን ከአሁኑ ነው።

ኢንፌክሽኑም ከአንጀት የራቀ አይደለም። ባርናርድስ የሚባል በሰባት አገሮች የተሠራ ጥናት አለ፤ የኢትዮጵያ ጣቢያው ጳውሎስ ነበር። በጨቅላዎች ደም ውስጥ በብዛት የተገኘው ክሌብሴላ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፣ ያው ባዶ አንጀት ውስጥ ቀድሞ መግባት የሚወደው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያ እንዲሰጥ የሚመክረው አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ደግሞ በሰባቱ አገሮች ከተገኙት የዚህ ወገን ባክቴሪያዎች 28.5 በመቶ ላይ ብቻ ነው ይሠራል የተባለው። መድኃኒቱ እየከዳን ነው። «ጥሩውን ተከራይ ቀድመን እናስገባ» የሚለው ሐሳብ ከአውሮፓ ይልቅ ለእኛ የሚያጓጓው ለዚህ ነው፣ በእኛ ግምት። መድኃኒት የማይገድለውን ባክቴሪያ ገና ሳይገባ ቦታ መከልከል።

ታዲያ ቦታውን በምን እንያዝ? በእጃችን ካለው ብንጀምርስ።

በ1990 እንግሊዝ አገር 926 ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ላይ የታተመ ጥናት የዱቄት ወተት ብቻ የወሰዱት የእናት ወተት ብቻ ከወሰዱት ይልቅ ኔክ ከስድስት እስከ አሥር እጥፍ እንደያዛቸው አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ጠብታ እንዲህ ያለ ልዩነት አላመጣም። የመጀመሪያው ቢጫ ወተት፣ እንገሩ፣ ጥቂት ጠብታ እንኳ ቢሆን በመርፌ ሲሪንጅ ተይዞ ለልጁ መድረስ አለበት። አንዳንድ ቤት አሁንም «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ይደፋል። የወለደች እናት በቀን ስምንት ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ሌሊትም ጭምር ካልታለበች ወተቷ ይደርቃል። ልጇ ማሞቂያ ውስጥ፣ እሷ ከሆስፒታል ወጥታ ዘመድ ቤት፣ በሁለት ታክሲ እየተመላለሰች ይህን እንድታደርግ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም። የምትተኛበት ቦታ፣ የምትበላው ምግብ፣ የምትታለብበት ንጹሕ ጥግ ያስፈልጋታል። ባሏ ከአሜሪካ ጠብታ ከሚያስልክ ሌሊቱን አብሯት ነቅቶ ዕቃውን ቢያፈላላት ይሻላል ብንል ይቆጣን ይሆን? ለማንኛውም ብለነዋል።

የእናት ደረትም አለ። በ2021 በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛንያ ከ3,200 በላይ ሕፃናት ላይ በታተመ ጥናት ልጁ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ከተወለደ ጀምሮ ከእናት ቆዳ ጋር ሲታቀፍ ሞት ከ15.7 ወደ 12 በመቶ ወርዷል፤ የደም ኢንፌክሽን ጥርጣሬም ቀንሷል። የጉለሌው ልጅ ክብደት በትክክል የዚያ ጥናት ክብደት ነው፣ ከ1,000 እስከ 1,799 ግራም። ጥቁር አንበሳ ውስጥ ደግሞ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ይህን በአንድ ቀን ጨቅላዎች ላይ ሞክረው በ2005 አሳትመዋል፤ የታቀፉት ላይ ሞቱ ያነሰ ነበር። ዓለም ሳይነቃ የነቃ ሥራ ነው፣ የሚገባውን ያህል አልተወራለትም። እናት ልጇን ስታቅፍ ሙቀት ብቻ አይደለም የምትሰጠው፤ የራሷን ባክቴሪያም ነው። ዋጋ የማይጠየቅበት ፕሮባዮቲክ ብትሉት ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ስንጽፍ አንዲት የሰፈር እናታችን «ታዲያ እርጎ አይሻልም ወይ? እሱም ሕያው ነው» አሉን። ጥያቄያቸው ጥሩ ነው፣ መልሱ ግን ለእናትየዋ አዎ፣ ለልጁ በፍጹም ነው። እርጎ በጢስ በታጠነ ዕቃ በራሱ ጊዜ የሚረጋ ነገር ነው፤ ውስጡ ስንት ዓይነት ባክቴሪያ እንዳለ ቤቱም ባለቤቱም አያውቁም። ለአዋቂ የሚጣፍጥ ነገር ሲሚንቶው ላልደረቀ አንጀት ሌላ ነው። ቅቤ ማስላስም፣ ስኳር ውኃም፣ አብሽም እንዲሁ። ማሞቂያ ውስጥ ላለ ልጅ ሐኪም ያላዘዘው ምንም ነገር በአፉ አይገባም።

ባለሥልጣናቱን በተመለከተ ብዙ አንደክምም። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሕፃናት ፕሮባዮቲክ ጠብታን ለጤነኛ ሰው እንደሚሸጥ ተጨማሪ ምግብ ሳይሆን ማሞቂያ ውስጥ ላለ ልጅ ሲታሰብ እንደ መድኃኒት ቢያየው፣ በቴሌግራም ሱቆች «ለጨቅላዎች» እየተባለ የሚሸጠውንም ቢከታተል እንፈልጋለን። ጤና ሚኒስቴር ደግሞ «ሊታሰብበት ይችላል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ለእያንዳንዱ ነርስና ለእያንዳንዱ አባት ትከሻ ትቶ መሄድ የለበትም። ይሰጥ ከተባለ የትኛው ዝርያ፣ ለየትኛው ክብደት፣ በየትኛው ላቦራቶሪ ክትትል ተብሎ በጥናት ይሰጥ። አምስት ሆስፒታሎች ተባብረው 4,919 ሕፃናትን መከታተል ከቻሉ ይህንንም ይችላሉ። ፓስተር ሰፈር ላይ ላቦራቶሪ፣ እዚያው አጠገብ ጽኑ ሕክምና ክፍል አለ፤ በእግር የሚሄዱት ርቀት ነው።

አባትየው ትናንት ማታ መልሶ ጽፎልናል። ጠርሙሷን ለዶክተሯ አሳይቷታል፤ አንብባ «ይህ ቀኑ ሞልቶ ለተወለደ ልጅ ነው» ብላ መልሳለታለች፣ ስላልደበቃት ግን አመስግናዋለች። ጠርሙሷ አሁን አያትየው ቤት ፍሪጅ ውስጥ ናት። ባለቤቱ ከሐሙስ ጀምሮ ልጇን በደረቷ እንድታቅፍ ተፈቅዶላታል፣ ማታ ማታ እሱም በተራው ያቅፋል። ልጁ 1,310 ግራም ሆኗል።